የተረፈው ስሌት

ሬሳው የተገኘው ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች በተደረደሩበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር ነው። ሟቿ በሳይንሳዊ ስሌት የዶክትሬት ተማሪ ነበረች፤ ከቤተ ሙከራው ተማሪዎች ትልቋ ስለሆነች ሁሉም «እታለም» ይሏታል። ከሰዓት በኋላ የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ተለቀቀ፣ የክፍሉ መብራትም አብሮ ጠፍቶ ማሽኖቹ ቆሙ። ጋዙ አየሩን ሲያባርረው እታለም በሩን ከፍታ መውጣት አልቻለችም። እሳት የሚባል ነገር ግን አልነበረም።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቿን ጥፍሮች አየች፤ ተሰባብረዋል። ከዚያ ወጥታ የበሩን እጀታ ከውጭ በኩል ዳሰሰችው። ከሥሩ የብረት ወንበር የፋቀው አዲስ ጭረት አለ። ወንበሩም እዚያው ኮሪደሩ ላይ ምንም እንዳላየ ቆሟል። የጋዙ መልቀቂያም ያለው ከውጭ ነው።

«አደጋ ነው ያለኝ ማን ነበር?» አለች ዞር ብላ።

ወደዚያ ፎቅ የመግባት ፈቃድ የነበራቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የሟቿ አማካሪ ፕሮፌሰር፣ የማሽን ክፍሉ ኃላፊና «ቀጮ» የሚሉት ሌላው የዶክትሬት ተማሪ።

መጀመሪያ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች።

«ትናንት ከሟቿ ጋር ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል።»

«ስለ ሥራ ነው። የጎርፍ ማስሊያው ፕሮግራም ስህተት አለበት ብላ ነው የመጣችው።»

«በፕሮግራሙ ማን ማን ይሠራበታል?»

«እሷና ቀጮ። አሁን እሱን ተይውና፣ ስንት ሥራ እንደጠፋብኝ ታውቂያለሽ? መብራቱ ሲጠፋ የስንት ሳምንት ስሌቴን ውሃ በላው!»

የተማሪያቸው ሬሳ ገና አልተነሣም፤ እሳቸው የሚያለቅሱት ለስሌት ነው። መርማሪዋ ብዙ ዓይነት ሐዘን አይታለች፣ እንዲህ ያለውን ግን አላየችም።

ቀጥላ የማሽን ክፍሉን ኃላፊ አገኘች። ቁልፉ የሚውለው በእሱ እጅ ስለሆነ ጣት ሁሉ ወደ እሱ እንደሚቀሰር ገብቶታል።

«ልጆች አሉኝ፣ እመቤቴ። ሻይ ልጠጣ ወርጄ ስመለስ ደወሉ ይጮሃል። በሩን ስከፍተው...» ንግግሩን ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። አንስቶ «የአንተም ጠፍቷል» አለና ዘጋው።

«ምንድነው የጠፋው?»

«ስሌታቸው ነዋ። ከሌላ ሕንፃ ሆኖ ማሽኑን የሚጠቀም ሁሉ ‹ሥራዬ ተረፈ ወይ?› እያለ ይደውላል። ሰው ሞቶብናል ስላቸው ‹አዬ!› ይሉና መልሰው ያንኑ ይጠይቁኛል።»

«ያልጠየቀዎት አለ?»

«ቀጮ ብቻ። የሚገርመው የእሱ ስሌት ከሁሉም ረጅሙ ነበር። ደንግጦ ነው መሰለኝ፣ ምስኪን።»

ቀጮ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። የመመረቂያ ሥራውን ፈታኞች ፊት የሚያቀርብበት ቀን፣ ዲፌንሱ፣ ደርሷል፤ እንቅልፍ ያጡ ዓይኖቹ ደም መስለዋል።

«እህቴ ነበረች» አለ። «ስቸገር ያበላችኝ እሷ ናት።»

«ስሌትህስ? ጠፋብህ?»

«በዚህ ሰዓት ስለ ስሌት ማን ያስባል?»

መልሱ ጥሩ ነበር። መርማሪዋ ግን እዚህ ከመጣች ጀምሮ ስለ ስሌት የማያስብ ሰው አላጋጠማትም። ወደ ማሽን ክፍሉ ኃላፊ ተመልሳ የማሽኑን መዝገብ አብረው አዩት።

ሲመሽ ሦስቱንም ስብሰባ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ጋዙ ሲለቀቅ መብራት እንደሚጠፋ ሦስታችሁም ታውቃላችሁ» አለች። «ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ አስቀድመው የራስዎን ሥራ ያድኑ ነበር፤ ይህን አልጠራጠርም። የሁሉም ሥራ ጠፍቷል። የተረፈው የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጋዙ ሊለቀቅ ጥቂት ሲቀረው ሴቭ ተደርጎ፣ እስከዚያ የሠራው ሁሉ ተቀምጦለት፣ ቆሟል።»

«የእኔ ስሌት ከሌሎቹ የተለየ ነው፣ ራሱን በራሱ ሴቭ ያደርጋል» አለ ቀጮ።

«ማለዳ ማለዳ። የዛሬ ከሰዓቱ ግን ከአንተ ጠረጴዛ በእጅ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ለዚህ ነው ‹ተረፈ ወይ?› ብለህ ያልጠየቅከው፤ መትረፉን ታውቅ ነበራ!»

«አጋጣሚ ነው።»

«ሴቭ አድርገህ ብትተወው አጋጣሚ እል ነበር። አንተ ግን አቆምከው። ዲፌንስ የደረሰበት ሰው የሚሠራ ስሌት በገዛ እጁ የሚያቆመው ለምንድነው፣ መብራት እንደሚጠፋ ካላወቀ? እታለም የማሽኑን ዲስክ ልትቀይር ስትገባ አየሃት። መጀመሪያ ወደ ጠረጴዛህ ሄድክ፣ ከዚያ ወደ ወንበሩ። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል።»

ቀጮ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «በፕሮግራሙ ስሌት ከላይ የገባው ውሃ ከታች ሲወጣ ይጎድላል አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁት ውሸት ነው ማለት ነው። እስክመረቅ ብቻ ዝም በዪ ብዬ ለመንኳት፣ እምቢ አለች።»

ፕሮፌሰሩ ወደ ቀጮ ዞሩ።

«ትናንት... እሺ ብላኝ ነበር» አሉ። «አልቅሳ አልቅሳ፣ ‹ይመረቅና ከዚያ እንናገራለን› አለች። ‹አኩርፎኛል፣ እርስዎ ይንገሩልኝ› ብላኝ ነው የወጣችው።»

ቀጮ ቀና አለ። «አልነገሩኝም።»

«ልነግርህ ነበር። ትንሽ ስጋት ያተጋሃል ብዬ...»

መርማሪዋ ሁለቱንም አየቻቸው። ሕጉ እንድታስር የሚፈቅድላት ግን አንዱን ብቻ ነው። ቀጮን ክንዱን ይዛ ወጣች።