ከካርቶኑ ጀርባ

«ዓመት ሙሉ ተጫውቼ አሁንም ሌቭል አንድ! ይደብራል አቦ!» አለ ሎጋው፣ ስፕሪንጉ ከወጣ ሶፋ ላይ ረጅም እግሩን ዘርግቶ።

ሦስቱ ጓደኛሞች የሚጫወቱት በዳኛዋ አባት የሶፋ ማደሻ ውስጥ ነው። ዳኛዋ ያሏት የምናቡን ዓለም የምትተርከውም ሕግ የምታወጣውም እሷ ስለሆነች ነው። ሎጋው ጎራዴኛ፣ ሚጢጢ ደግሞ አስማተኛ ሆነው ይጫወታሉ። ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ከዚያ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይቀናል። በሌሎች ጨዋታዎች ጠላቱን የጣለ ደረጃው ያድጋል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። እዚህ ግን ማንም አያድግም። የሚጨምረው በምናቡ ዓለም የሚያውቅህ ሰው ብቻ ነው። ዳኛዋ ሕጉን ያወጣች ቀን ኮርታበት ነበር፤ አሁን ኩራቷ ትንሽ ቀዝቅዟል።

«የጎረቤት ክፍል ልጆች ሌቭል ዘጠኝ ገብተዋል፤ ና ብለውኛል» አለ ሎጋው። «ዛሬ ይሄን ግዙፍ ካልጣልኩት፣ ከነገ ጀምሮ እነሱ ጋ ነኝ።»

ግዙፉ የድልድዩ ጠባቂ ነው። ጎራዴኛውን ከዚህ በፊት አንዴ ወንዝ ውስጥ ወርውሮታል።

«ከመሞት መሰንበት። ተው እናናግረው» አለች ሚጢጢ።

«ወሬ ሰለቸኝ። እመታዋለሁ!»

ሎጋው ጣለ፤ ሦስት ወጣ። ተራው የግዙፉ ሆነ። ለጠላት የምትጥለው ዳኛዋ ናት፣ ያውም ከካርቶን አጥር ጀርባ። ጣለች። ሃያ!

ከእሷ በቀር ያየ የለም። «ሳተህ» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሎጋው ከሰፈር እስከ ትምህርት ቤት አብሯት የሚሄድ ጓደኛዋ ነው፤ እሱን ማጣት ፈራች። ግን ዛሬ ከዋሸች በሚቀጥለውም ሳምንት መዋሸቷ ነው። ካርቶኑን አነሳች።

«ሃያ» አለች። «ወድቀሃል። ዱላው ከራስህ በላይ ነው።»

ሎጋው ዳይሱን አይቶ ፊቱን አጠቆረ። ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ በሩ ሄደ።

«ቆይ ቆይ!» አለች ሚጢጢ። «ያቺ ባለፈው ከጉድጓድ ያወጣናት፣ በሬ የምታክለው ሕፃን፣ የዚህ ሰውዬ ልጅ አይደለች እንዴ? ድልድዩ አጠገብ ነው ቤታቸው! ልጥራት፤ ማን ነበር ያልናት?»

«ስሙን ያወጣሽላት አንቺ አይደለሽም» አለች ዳኛዋ።

ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ። ሎጋው እጀታውን እንደያዘ ቆሟል።

«ጠብታ» አለ በመጨረሻ። «ውሃ ይንጠባጠብባት ስለነበር።» እጀታውን ለቀቀና፣ «እና? ጠብታ ብዬ ስጮህ ሰማችኝ?»

ዳኛዋ ካርቶኑን አጣጥፋ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያው ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ዳይሱን ዘረጋችለት።

«እኔ አላውቅም። ራስህ ጣል።»

ሎጋው ቦርሳውን መሬት አስቀመጠና ዳይሱን ተቀበላት።