የአስካልና የኔ ጋቢ

ጻፊ ሰናይት፣ እንደምነግርሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው። እኔ እኮ ጥላ ወጊ፣ ሙት መንፈስ ሲሉኝ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ቆቦ ገበያ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ሰው ሲንቀጠቀጥ ባይ "ብርድ ነው፣ ደርብ" ነው የምለው። ይሄን ግን በዓይኔ አየሁት።

ይቺ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ፣ ተራራው ላይ ያለውን የኮከብ ማያ፣ ቴሌስኮፑን፣ የምታዝ ናት፤ አዎ የኔዋ፣ ፊደል ያልቆጠርኩት የኔዋ! ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱ ለሷ ተሰጣት፣ ልታሳየኝ ይዛኝ ወጣች። ካሜራው ሙቀት ነው የሚያይ አሉኝ፣ ወደ ሰማይ ከመዞሩ በፊት ታዲያ አንድ ወጥ ነጭ ሸራ ያሳዩትና ፎቶ ያስነሱታል፣ የራሱን ዓይን ጉድፍ እንዲለዩበት፣ ያ ካልተስተካከለ የሌሊቱ ሥራ ከንቱ ነው። ሸራውን ለካ ንፋስ ቀዶታል። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ የልጄ ፊት አመድ መሰለ።

"ጋቢዬን ውሰጂ" አልኳት።

አብሯት የሚሠራው፣ ከጎብዬ የመጣው ልጅ ሳቀ። "እማማ፣ አልጋ እኮ አይደለም የምናነጥፈው።"

"ዝም በል አንተ! እንዲህ ያለ ወጥ ፈትል በራያ የለም፣ ሁሉንም በነዚህ ጣቶች የፈተልኩት እኔ ነኝ።"

ሰቀሉት፣ አነሱት። ኮምፒውተሩ ላይ ጋቢዬ ወጣ፣ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቦግ ያለ ነጭ፣ ድንበሩ ልክ መሐል ስፌቱ ላይ። ነጩ የሞቀው ነው አሉኝ።

"መብራቱ ይሆናል" ብላ ሰናይት አጠፋችው። ያው ነው። ግራውን ወደ ቀኝ አዙረው ሰቀሉት፣ ነጩም አብሮ ዞረ። ልጁ ሄዶ ዳሰሰና እጁን ቶሎ ሳበ።

"እማማ፣ ይሄኛው ወገን አሁን ሰው የተነሳበት ይመስላል።"

እመኑኝ፣ የዚያን ክንፍ፣ የሞቀውን ግማሽ፣ ማግ እኔ አልፈተልኩትም። የታላቅ እህቴ የአስካል ነው፣ ሁለቱን ክንፍ ለየብቻ አሠርተን ልንሰፋው ነበር፣ ከሸማኔው ሳይመጣ ሞተች። እኔም ስንት ዓመት ሙሉ "የኔ ፈትል" እያልኩ ስኮራበት ኖርኩ።

"እማ፣ እየመሸብኝ ነው" አለች ሰናይት፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ተጠጋሁና፣ ያ ልጅ እየሰማኝ፣ "ግማሹ የአስካል ነው" አልኩ። "ከኔም ትበልጥ ነበር።" እቺን ለማለት እንዴት እንደከበደኝ!

እንደገና አነሱት። ወጥ ሆነ፣ ከዳር እዳር እንደ እርጎ! ልጁ "አስካል ማናት?" ቢል ሰናይት ቴሌስኮፑን ወደ ሰማይ ማዞር ጀመረች። ልጄም ሌሊቱን ኮከቦቿን አነሳች፣ ዛሬ ትልልቆቹ ምሁራን ሁሉ ፎቶዎቿን ያዩላታል።

ሰናይት ግማሹን መኪና ውስጥ ፀሐይ መትታው ነው ትላለች። ሙሉውን ትከሻዬ ላይ ተጠቅልዬው አልነበር እንዴ የወጣሁት?

ቆይ፣ ከላይ "የአያቴ ጋቢ" ብለሽ ነው የጻፍሽው? ሰርዢው፣ የአስካልን ስም አስቀድሚ። ቶሎ በይ ልጄ፣ ጋቢው ጭኔ ላይ ነው፣ ባንድ ወገን መሞቅ ጀምሯል።