የእትዬ አስካለ ጣሳ

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፣ ሥራዬ ባምቢስ አካባቢ አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ የመኪና አደጋ ካሳ ክፍል ነው፣ ማለቴ ሰው ሲዋሽ ስሰማ ውዬ ወደ ቤቴ የምገባ ሴት ነኝ። የስልክ እንጨት መንገድ አቋርጦ መኪናዬን ገጨብኝ ያለኝ ሰው አለ፣ እመኑኝ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነው የነገረኝ። ስለዚህ ሰው ስለ ጋኔንና ስለ ሙት መንፈስ ሲያወራ "ማስረጃ አምጡ" ብዬ የምስቅ ነበርኩ። አሁንም ማስረጃ የለኝም፣ ያለኝ ነገር የሆነውን እንደሆነ መናገር ብቻ ነው።

ወንድሜ ብሩክ ይባላል፣ ታናሼ ነው፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። እናትና አባታችን አልፈዋል፣ የቀረነው እሱና እኔ ነን። በሳምንት ሦስቴ ኦሎምፒያ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ለእጥበት እወስደዋለሁ፣ ማሽኑ ደሙን አጥቦ ይመልስለታል፣ ሰውነቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ይመጥጥለታል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ይኖራል፣ በቃ ኑሮው ይህ ነው። መዳኛው ንቅለ ተከላ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ኩላሊት የሚሰጠው የሥጋ ዘመድ መሆን አለበት፣ የሥጋ ዘመዱ ደግሞ እኔ ነኝ። ተመረመርኩ፣ ደሜም ሌላውም ገጠመ፣ "ጤነኛ ነሽ፣ ወረፋችሁን ጠብቁ" ተባልን፣ እኛም እንጠብቅ ጀመር።

የኩላሊት ሕመምተኛ ያላስታመመ ሰው የዚህ በሽታ ክፋቱ ምኑ ላይ እንደሆነ አያውቅም፣ ክፋቱ ጥሙ ነው። ሽንት ስለማይሸና የጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል፣ እግሩ ያብጣል፣ ሲበዛ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ያፍነዋል። ስለዚህ ውኃ የምሰጠው እኔ ነበርኩ፣ በቡና ስኒ፣ "ቀስ እያልክ፣ አፍህ ውስጥ አቆየው" እያልኩ። ከዚያ ውጪ ሎሚ እቆርጥለታለሁ፣ እሱን ይመጥጣል። እኔ ራሴ ሲጠማኝ ድምፁ እንዳይሰማው መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ነበር የምጠጣው፣ እንደ ሌባ።

አሁን ወደ እትዬ አስካለ ልምጣ። ተወልደን ያደግነው ካዛንቺስ ነው፣ ለግቢው ሁሉ አንድ ቧንቧ ነበር፣ ቁልፉም በእትዬ አስካለ እጅ ነበር። ያ ቧንቧ ምንም ቢያጠብቁት ማንጠባጠቡን አይተውም፣ ስለዚህ ሥሩ የዘይት ቆርቆሮ ያስቀምጡለታል፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይሞላል፣ የጠማው ሁሉ በእሳቸው ጣሳ ቀድቶ ይጠጣል። በልጅነታችን እንቅልፍ የሚወስደን በዚያ ድምፅ ነበር።

ብሩክ ከታመመ በኋላ እትዬ አስካለ ሊጠይቁት እየመጡ በሃይላንድ ጠርሙስ ጸበል ያመጡለት ነበር፣ እኔ ሥራ ስሄድ ያጠጡታል፣ እሱም እየጠማው እምቢ አይልም። አንድ ቀን መተንፈስ አቅቶት ድንገተኛ ክፍል ገባን፣ ሳንባው ውኃ ሞልቶ፣ በስንት መከራ ተረፈ። ስጠይቃቸው "ኧረ ውኃ መች ሰጠሁት ልጄ፣ ጸበል ነው እንጂ" አሉኝ፣ በንጹሕ ልባቸው፣ ጸበል እንደ ውኃ የሚቆጠር አይመስላቸውም ነበር። "ሁለተኛ ደጃፌን እንዳይረግጡ" አልኳቸው። ይህን የምነግራችሁ ተጸጽቼ አይደለም፣ ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የምለው። ሲወጡ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በሩ ላይ ቆም አሉና "አይ ልጄ፣ አንቺ ጠምቶሽ አያውቅም" አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ፈረሰ፣ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበተነ፣ ዕድሩ ሳይቀር። እኛ ከክሊኒኩ እንዳንርቅ ብዬ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ ተከራየሁ፣ ደረጃውን ብሩክ በየፎቁ እያረፈ ይወጣዋል። እትዬ አስካለ የት እንደደረሱ አላወቅኩም፣ እውነቱን ለመናገር አልጠየቅኩም።

ነገሩ የጀመረው ጎተራ ነው። አንድ ምሽት እራት እየበላን ብሩክ እጁን ከሰሃኑ ላይ አነሳና "ሶሲ፣ ቧንቧው እያንጠባጠበ ነው" አለኝ።

"የቱ ቧንቧ? ውኃ ከጠፋ ስንት ቀኑ፣ አንተ ደግሞ።"

"እሱን እኔ እንጃ፣ ግን ቆርቆሮ ላይ ነው የሚንጠባጠበው።"

ለተጠማ ሰው ምን የማይሰማው አለ ብዬ በሆዴ ያዝኩት። ከቀናት በኋላ ግን እሱ ተኝቶ እኔ ለነገ የምለብሰውን ስተኩስ፣ ሰማሁት። ጠብ አለ። መጀመሪያ ባዶ ቆርቆሮ እንደሚመታ ይጮህ ነበር፣ ቀስ በቀስ እየወፈረ መጣ፣ በኋላ ውኃ ውኃ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ሆነ፣ እኔም ካውያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፣ መጣም፣ የጣሳ ጠርዝ የቆርቆሮ ግድግዳ ሲፍቅ ይሰማችኋል አይደል፣ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ፣ እሱ። ካውያውን ነቅዬ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፈትኳቸው፣ ነፋስ እንኳ አይወጣቸውም። ላይኛው ፎቅ ወጥቼ ፎዚያ የምትባለዋን ጎረቤታችንን አንኳኳሁ።

"ውኃ መጥቶልሻል እንዴ ፎዚ?"

"ምን ውኃ አለ እህቴ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ጀሪካን ተሸክሜ ነው የገባሁት" አለችና ሳቀች፣ እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

ስመለስ ብሩክ ነቅቷል። "ሰማሽ አይደል?" አለኝ።

"አልሰማሁም" አልኩት።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። እጥበቱን ሲጨርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፣ ከማሽኑ ሲወርድ ጥሙ ሁልጊዜ ይብስበታል፣ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ ቃል ለማውጣት ይቸገራል። ላዳ ውስጥ እንደገባን "በካዛንቺስ እንለፍ" አለኝ። መንገዳችን አይደለም፣ ሹፌሩም አጉረመረመ፣ ግን ብሩክ ነገር ለምኖኝ ስለማያውቅ እሺ አልኩ።

ሰፈራችን የነበረበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፣ ድንጋዩ ተወልውሎ ያበራል፣ መብራቱ በርቷል፣ ዘንባባ ተተክሏል፣ ሰው አይስክሬም እየበላ ፎቶ ይነሳል። ግቢያችን የቱ ጋ እንደነበር ልገምት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም፣ ምልክት የሚሆን አንድ ነገር አልቀረም። ብሩክ ግን በጨለማ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ቀጥ ብሎ ሄደ፣ መሀል ላይ ደረሰና ጎንበስ ብሎ አለፈ። የበራችን ቆርቆሮ ዝቅ ያለ ስለነበር ስንገባ ሁላችንም ጎንበስ እንል ነበር። እኔ ከኋላው ስከተል ራሴን ያገኘሁት እግሬን አንስቼ የሌለ ቦይ ስሻገር ነው።

አንድ የድንጋይ ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ትንሽ ልረፍ" አለኝ። በዚያው ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋብኝ፣ ትራፊክ እየመጣ ነው መሰለኝ፣ ዞሮ እንዲጠብቀን ልነግረው ሮጥኩ፣ ከሹፌሩ ጋር ትንሽ ተነታረክን፣ ከዚያ ዞር ብዬ ወንድሜን አየሁት።

ሁለት እጆቹን አጣምሮ አገጩ ሥር ይዟቸዋል፣ ወደፊት ዘንበል ብሏል፣ ሰው ከላይ ውኃ ሲያፈስለት ከእጁ የሚጠጣ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ እንደዚያ። ፊት ለፊቱ ማንም አልነበረም። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል ከሩቅ ታየኝ፣ በዚያ ሁሉ የመኪና ጫጫታ መሀል ደግሞ ያ የጣሳ ፍቅታ ተሰማኝ፣ በጆሮዬ ሥር። ስደርስ አገጩ እርጥብ ነው፣ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ርሷል፣ ዙሪያው ያለው ድንጋይ ግን ደረቅ ነው። ብሩክም በረጅሙ እፎይ አለ፣ ከታመመ ወዲህ ያን ትንፋሽ ሰምቼው አላውቅም።

"ምን ጠጣህ? ማነው የሰጠህ?"

"እትዬ አስካለ ናቸው።"

"የታሉ?"

"አሁን ሄዱ" አለና ወደ ግራ አመለከተኝ፣ በዚያ በኩል ያለው የመስታወት ሕንፃ ብቻ ነው።

እንደ እብድ ዞርኩ፣ ውኃ የሚያጠጣ ጎማም፣ ጠርሙስም፣ ሻጭም ፈለግኩ። ጥበቃውን "እዚህ ውኃ የሰጠው ማነው?" ብዬ ጮህኩበት፣ ምስኪን፣ "እኔ ማንንም አላየሁም እህቴ፣ ወንድምሽ ብቻውን ነው የተቀመጠው፣ የአትክልቱም ውኃ ዛሬ አልመጣም" አለኝ። ተመልሼ ሸሚዙን ዳሰስኩት። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፣ ጣቴን ወደ አፌ ወስጄ ላስኩት። የዝገት ጣዕም አለው፣ የልጅነታችን ውኃ ጣዕም።

ላዳ ውስጥ "ምን አሉህ ታዲያ?" አልኩት፣ እንደ ቀልድ ለማድረግ እየሞከርኩ።

"'እህትህስ?' አሉኝ። 'እሷ አልጠማትም' አልኳቸው። 'ይጠማታል' አሉ" አለኝና እንቅልፍ ወሰደው።

ያን ሌሊት ትንፋሹን እየቆጠርኩ ነው ያነጋሁት፣ ሳንባው ሞልቶ ይታፈንብኛል ብዬ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሚዛን ላይ ሲወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ነርሷ ሲስተር ሃና ግን "ምን አድርገሽው ነው? ምንም አልጨመረም እኮ፣ ጎበዝ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብሩክ ውኃ ጠይቆኝ አያውቅም። የቆረጥኩለት ሎሚ ሰሃን ላይ ይደርቃል፣ ስኒውን ስሰጠው ለእኔ ሲል ከንፈሩን ያስነካዋል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን ሲጠማው ቢያንስ አንድ የሚፈልገው ነገር ነበረው፣ አሁን ምንም አይፈልግም፣ ግድግዳ ያያል፣ ይህን ማየት ከጥሙ ይከፋል።

እኔን ደግሞ ይጠማኝ ጀመር። መጀመሪያ ሙቀት ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ድካም ነው አልኩ፣ ቢሮ ሰዉ ጠረጴዛዬ ላይ የተደረደረውን ባዶ ጠርሙስ እያየ "ሶስና፣ ግመል ሆንሽ እንዴ?" እያለ ይስቅብኝ ጀመር። ጠጥቼ ሳልጨርስ ይጠማኛል። በዚህ መሀል ስንጠብቀው የነበረው ወረፋ ደረሰልን፣ ተጠራን፣ የመጨረሻ ምርመራ ተደረገልኝ፣ ሐኪሙ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየው።

"ውኃ ይጠማሻል?" አለኝ።

አዎ አልኩት። ስኳር ነው አለኝ፣ ከፍ ያለ ስኳር፣ ኩላሊት መስጠት አትችዪም። "የቀድሞው ምርመራሽ ንጹሕ ነበር፣ እኔም ገርሞኛል" አለ። ሌላ የሥጋ ዘመድ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ የለም አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም፣ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስጠጣ ነው ራሴን ያገኘሁት፣ እያለቀስኩ እጠጣለሁ፣ እየጠጣሁ አለቅሳለሁ።

ለብሩክ ስነግረው አልደነገጠም። "እኔ እኮ አልጠማትም ብያቸው ነበር" አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ስለ እትዬ አስካለ ያኔ ነው ማጠያየቅ የጀመርኩት። የዕድራችን ሊቀ መንበር የነበሩት ጋሽ ጥላሁን በስልክ "ነፍሳቸውን ይማር፣ ከሰፈር በወጡ በወሩ ነው የሞቱት" አሉኝ፣ ሌላዋ የግቢያችን ልጅ ደግሞ "ኧረ አሉ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ባለፈው ሰላም ብያቸዋለሁ" አለችኝ። የማንን ልመን? ሁለቱም ምለው ነው የነገሩኝ፣ ሥራዬ ውሸታም መለየት ሆኖ ከሁለቱ አንዱን መለየት አልቻልኩም።

አሁን የቧንቧውን ድምፅ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ ስኳሩ ወርዷል ይሉኛል፣ ጥሙ ግን አልወረደም። ተደብቄ መጠጣቱንም ትቻለሁ፣ ብሩክ ከአልጋው ሆኖ ያየኝና "ቀስ እያልሽ፣ አፍሽ ውስጥ አቆዪው" ይለኛል። ተስፋ አለን ብዬ አልዋሻችሁም፣ የለንም፣ እጥበቱ እስከቻለው ድረስ ይቀጥላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስበውም።

የማስበው ያን የድንጋይ ወንበር ነው። እዚያ ሄጄ እጄን ባጣምር ጣሳው እንደሚመጣልኝ አውቃለሁ፣ እንዴት እንዳወቅኩ አትጠይቁኝ። ብጠጣው እንደ ወንድሜ እፎይ እል ይሆናል። ግን እሱ ሲጠጣ ጥሙ ወደ እኔ መጣ፣ እኔ ብጠጣስ ወደ ማን ይሄዳል? ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል ላለማለፍ ተጠንቅቄ ነው የምኖረው፣ ከባምቢስ ወደ ጎተራ ስሄድ መንገዴም አይደለም።

ትናንት ከሥራ ስመለስ፣ የጎተራ ነው ብዬ በገባሁበት ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት "ወራጅ አለ" አለች። ታክሲው ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ማንም አልወረደም፣ ያልኩት እኔ የሆንኩ ይመስል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ያየኛል። ቀና ብል ካዛንቺስ ነን፣ ዘንባባዎቹ ጋ፣ ረዳቱ "እህት፣ ትወርጃለሽ አትወርጂም?" ይለኛል። ትናንት አልወረድኩም።