ሁለቱ የአርሎ ጠመንጃዎች

«ይሄኛውም ወደ ቀኝ ወጣ» አለ አባቷ ዱዌን፣ ዓይኑን ከቴሌስኮፑ ሳያነሳ።

ሪቫ ግራ ገባት። አሮጌው ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ለእሷ ተለክቶ የተሠራ ነበር የመሰላት፤ ምላጩም ሳይንገራገጭ ነው የለቀቀላት። ግን ትንሿ የሃያ ሁለት ካሊበር ጥይት ወረቀቱ ላይ የበሳችው ቀዳዳ ከዚያ ርቀት በባዶ ዓይን አይታይም፤ ቴሌስኮፑ ያለው ደግሞ አባቷ ዘንድ ነው። በዚህ ስፖርት ተኳሽ ከጎኑ የቆመውን ጠቋሚ ካላመነ ማንን ሊያምን ነው? ጠቋሚው «ግራ» ካለ ግራ ነው። ሪቫ ከልጅነቷ ጀምሮ ግራና ቀኟን የሰማችው ከዱዌን ነው።

ጠመንጃዎቹ የተኩስ ክለቡ አንጋፋ የአርሎ ነበሩ። አርሎ በበረዶው ወራት ሲሞት ሚስቱ ወይዘሮ ፐርል ለክለቡ ሁለት ታዳጊዎች አንድ አንድ እንዲደርሳቸው ወሰነች። ሁለቱም ከምላጩ ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ጥይት የሚጎርሱ ናቸው። አንደኛው አሮጌ ነው፤ የዋልነት እንጨት ሰደፉ የአርሎ ጉንጭ ካረፈበት ብዛት ቀለሙን ለቋል። ሌላው ገና የሚያብረቀርቅ፣ አርሎም ብዙ ያልወደደው ነው። በክለቡ ልማድ ቀድሞ የሚመርጠው በውድድር ተተኩሶባቸው የሚወድቁትን የብረት እንስሳት ቀለም በመቀባትና በማቆም የበለጠ የደከመ ሰው ነው። ያ ሰው ሪቫ መሆኗ ደግሞ አያከራክርም። ሌላዋ ታዳጊ ብሪታ ሀልቮርሰን፣ ጥፍሯ እንዳይበላሽ ብላ የቀለም ቆርቆሮ ነክታ አታውቅም።

ዱዌን ኢላማ የነበሩትን ወረቀቶች ራሱ ሄዶ አወረዳቸው። ባዶ እጁን ሲመለስ ነፋስ ወሰደብኝ አለ። በምሥራቅ ሞንታና ነፋስ የማይወስደው ነገር ስለሌለ ሪቫ ሳቀች።

«የአሮጌው በርሜል አልቆለታል። አዲሱን ውሰጂ» አላት።

አዲሱን ወሰደች። ወይዘሮ ፐርል ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ዱዌንን አየችው። ብሪታ አሮጌውን ይዛ ወደ አባቷ መኪና ስትሮጥ ሪቫ አዝናላት ነበር። እስከዛሬ የሚያበሳጫት እሱ ነው፤ ማዘኗ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጨረሻ ከአዲሱ ጠመንጃ ጋር ስትታገል ከረመች። የጥይት ዓይነት ቀያየረች፣ ማነጣጠሪያውን ዝቅ ከፍ አደረገች። ጠመንጃው ግን አመለኛ ነው፤ አንዱን መሃል ይሰድና ቀጣዩን የት እንደጣለው አይታወቅም። ስህተቱ የራሷ መሰላት። ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ቆማ፣ ክንዷ እስኪዝል ባዶ ጠመንጃ ታነጣጥር ነበር።

በሐምሌው ውድድር ዶሮዎቹ ላይ መጥፎ አልነበረችም፤ እነሱ ቅርብ ናቸው። አሳማዎቹ ላይ ተንገዳገደች። ራቅ ብለው በቆሙት የቱርክ ዶሮዎች ላይ ከአምስቱ አንዱን ብቻ ጣለች። ብሪታ ግን በዚያ «በርሜሉ ባለቀ» ጠመንጃ አምስቱንም ለቀመቻቸው። ብሪታን ሪቫ በደንብ ታውቃታለች፤ ልምምድ ትጠላለች።

የመጨረሻዎቹ አውራ በጎች ሊቆሙ ሲሉ ብሪታ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ እኮ ጠቁሯል።»

«ይሄ ጠመንጃ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ያንቺ እንዴት ዳነ?»

«መች ታሞ ያውቃል!» ብሪታ ሳቀች። «አርሎ ዋንጫዎቹን በሙሉ የበላው በዚህ እኮ ነው። አሮጌዋን ነው የወደድኩት ብዬ ስነዘንዘው፣ አባቴ ይህንኑ ለአባትሽ እንደነገረው ነግሮኛል። አንቺ ራስሽ የተውሽልኝ ነበር የመሰለኝ።» ከዚያ ፍሬ መፈልፈሏን አቆመች። «አታውቂም ነበር እንዴ?»

ሪቫ ተነስታ ወደ አባቷ ሄደች። ዱዌን የጭነት መኪናዋን የኋላ በር አውርዶ ጥይት እየቆጠረ ነበር። ረጋ ያለ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ የሚወድለትም ይህንኑ ነው። በብሪታ አባት በሀልቮርሰን እርሻ ላይ ከብት ሲጠብቅና አጥር ሲጠግን ፀጉሩ ሸብቷል። የሚኖሩበት ቤትም የሀልቮርሰን ነው፤ ሥራው ከቀረ ቤቱም ይቀራል።

«ወረቀቶቹን የት አደረግካቸው?» አለችው።

የቱን ወረቀት ብሎ አልጠየቃትም።

«አቃጠልኳቸው» አለ። «የአሮጌው አምስቱም ቀዳዳዎች በአንድ ሳንቲም የሚሸፈኑ ነበሩ። እንደሱ ዓይነት በሕይወቴ አላየሁም።»

«ሚስተር ሀልቮርሰን አስፈራራህ?»

«አላስፈራራኝም። ልጄ ያቺን ወዳታለች ብቻ ነው ያለኝ። እሱ እንዲህ ሲል ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ቤታችንን እንዳናጣ ተይላት ብትለኝ እተውላት ነበር።»

«እንደምትተዪማ አውቃለሁ።» ጥይት በያዘ እጁ ግንባሩን ጠረገ። «ግን ለሀልቮርሰን ስጎነበስ ልታዪኝ ነው። እሱን አልቻልኩትም፣ የኔ ልጅ።»

ሪቫ ልትጮህበት አሰበች። ያን ሁሉ ምሽት፣ ጥፋቱ የኔ ነው ስትል እሱ ጋዜጣውን ገልጦ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንዴ እንኳን «አንቺ አይደለሽም» አላላትም። ጠመንጃው ቢቀርባት ግድ አልነበራትም፤ የራሷን ትከሻ እንዳታምን ማድረጉ ግን አንጀቷን አሳረረው።

ስሟ ተጠራ። ዱዌን እንደልማዱ የቴሌስኮፑን እግሮች ዘርግቶ ከጎኗ ቆመ። አትቁም ልትለው ትችል ነበር፤ በሰው ፊት መሆኑ ከበዳት። አምስቱ አውራ በጎች ከሜዳው ማዶ፣ ከአፈሩ ክምር ሥር፣ አውራ ጣት አክለው ይታያሉ። ቆማ፣ ያለምንም መደገፊያ፣ የመጀመሪያውን ተኮሰች።

አፈሩ ከበጉ በስተግራ ቡን አለ። በዓይኗ አየችው።

«ግራ ነሽ» አለ ዱዌን በለሆሳስ። «ትንሽ ወደ ቀኝ ያዢ።»

ልክ ነበር። ጠቋሚ ባይኖራትም ለራሷ የምትለው ይህንኑ ነው። ወደ ቀኝ ብትይዝ ቀጣዩ በግ ሊወድቅላት ይችላል። አባቷም ከኋላዋ ትንፋሹን ይለቃል፣ ምናልባትም ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋል፤ ወደ ቤት ሲነዱም ነገሩ አልፏል ብሎ ስለ ዝናብ ያወራል።

ማንሻውን ገፍታ መለሰችው። ቀለሁ ሣሩ ላይ ወደቀ። ሪቫ በቀጣዩ በግ መሃል ላይ ያዘችና ተኮሰች። አፈሩ በስተግራ ቡን አለ፤ በጉ እንደቆመ ነው።

«ሪቫ፣ ቀኝ አልኩሽ እኮ።»

«ሰምቻለሁ» አለችው፣ ፊቷን ሳታዞር፤ ለሦስተኛውም መሃሉ ላይ ያዘች።