የተንጠለጠለው ፓምፕ

«አሁን ነው የሚመጣው?! ጠብ የሚል ውሃ ሳይኖረን ሳምንቱን ሙሉ የት ነበርክ?»

ሰብሪያ የግቢውን በር ከፍታ ደጃፉ ላይ የቆመውን ወጣት በወጉ እንኳ ሳታየው ጮኸችበት። ባዶ ባልዲ በእጇ አንጠልጥላለች። ወጣቱ ሌላ ሰው ያለ መስሎት ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ።

«እኔን ነው?»

«ታዲያ ማንን ነው? የውሃ ቦቴው ሹፌር አይደለህ?»

«ኧረ አይደለሁም... ዲኖ እባላለሁ። ጉድጓዳችሁ ውስጥ ፓምፕ ላስገባ ነው የመጣሁት። ግን ስለ ቦቴው እኔም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሳትወድ በግዷ ሳቀች። ወዲያው አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። እሱ ግን ሳቋን አይቶታል፤ ካየ በኋላም ዓይኑን ቶሎ አልመለሰም።

ይህ የሆነው ሰበታ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ሊያልቅ ሲል። የሰብሪያ አባት አቶ ከድሩ ዕድሜያቸውን መርካቶ በኪራይ ቤት ገፍተው፣ በስተርጅና ነው ሰበታ የራሳቸውን ቤት የሠሩት። ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ከፍተው ከአንድ ልጃቸው ጋር ይሠራሉ። የመንግሥት ቧንቧ ሰፈራቸው ስላልደረሰ ጥልቅ ጉድጓድ በማሽን አስቆፈሩ፤ ውሃም ተገኘ። የቀረው፣ እታች ውሃው ውስጥ ሰጥሞ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ብቻ ነበር።

አገሩ ግን ሰላም አልነበረም። ማስተር ፕላኑ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለውን ገበሬ ከመሬቱ ያፈናቅላል በሚል የተነሳው ተቃውሞ ከከተማ ከተማ እየተዛመተ ነው። ዛሬ ቡራዩ መንገድ ተዘጋ ይባላል፤ ነገ ሱሉልታ። ጠዋት የወጣ ሰው ማታ ቤቱ ስለመግባቱ እርግጠኛ አይደለም። አቶ ከድሩ እንቅልፍ አጡ።

«ሰብሪያ፣ ይሄ ፓምፕ ከገባ እዚሁ ቀረን ማለት ነው» አሏት አንድ ጠዋት። «ሳይገባ መርካቶ አክስትሽ ጋ ብንመለስስ?»

«አባ፣ ቤታችን እኮ ነው። ቤት ተጥሎ የት ይኬዳል?»

ይህን ያለችው ለቤቱ ብላ ይሁን ለሌላ፣ ለራሷም አልገባትም።

ዲኖ ከሁለት የቀን ሠራተኞች ጋር ጉድጓዱ አፍ ላይ ሦስት እግር ያለው ብረት ተከለ። ፓምፑን በወፍራም ገመድ አስሮ፣ ቧንቧ በቧንቧ ላይ እየቀጠለ በካቴና ቀስ አድርጎ ወደ ታች ይለቀዋል። የኤሌክትሪክ ኬብሉ ደግሞ እንዳይላላ ከቧንቧው ጋር በናስትሮ መጠቅለል አለበት። ሱቁ በፍርሃት ስለተዘጋ ሰብሪያ ኬብሉን ትይዝለታለች።

«አጥብቀሽ ያዢ።»

«ይዣለሁ።»

«እኔንም ይዞኛል...»

«ምንድን ነው የያዘህ?»

«ምንም... ናስትሮውን አቀብዪኝ።»

አቀበለችው። ሳያስበው በኦሮምኛ «ገለቶሚ» ብሎ አመሰገናት።

«ሆመ ሚቲ» አለች።

ክው ብሎ ቀረ። «ኦሮምኛ ትችያለሽ እንዴ?!»

«ገበያ የሚውል ሰው የማይችለው ምን አለ?»

«እንግዲያ ከሠራተኞቹ ጋር ስለ አንቺ ያወራነውን ሁሉ...»

«አንድም አላመለጠኝም።»

ዲኖ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሠራተኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሰብሪያ ያን ዕለት ቤት ገብታ ዕቃ ስታጥብ እንኳ ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር።

በማግስቱ ፓምፑ ግማሽ መንገድ ወርዶ ሳለ የዲኖ ስልክ ጮኸ። ከግቢ ወጥቶ አነጋገረ። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። ቧንቧውን አንቆ የሚይዘውን ብረት አጠበቀ፣ ሠራተኞቹን አሰናበተ፣ የመፍቻ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣለ።

«ምን ሆነሃል?»

«መሄድ አለብኝ። ነገ እመለሳለሁ። ይህን ብረት ማንም እንዳይነካው፤ አደራ!»

«ዲኖ... ምንድን ነው?»

በሩ ላይ ዞር ብሎ አንድ ጊዜ አያትና ሮጠ።

ነገ መጣ፤ ዲኖ ግን አልመጣም።

የመጣው ጭስ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ጎማ ተቃጠለ፣ ድንጋይ ተደረደረ፣ የጥይት ድምፅ ተሰማ። የአቶ ከድሩ ሱቅ በር ተሰብሮ ጣቃ ጣቃው ጨርቅ አቧራ ላይ ተበተነ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ ሊያጽናኑ መጥተው ሌላ ነገር ተከሉ።

«ያ የፓምፑ ልጅ ያውቅ ነበር። ሥራውን ጥሎ የሮጠው ስልክ ተደውሎለት አይደል? የራሱ ወገኖች አስጠንቅቀውት ነው!»

ሰብሪያ «አይሆንም» ልትል ፈለገች። ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደጋግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። ጥርጣሬ እንደ ብል ውስጥ ውስጡን ይበላት ጀመር። በዚህ መሃል ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት።

«ሰብሪያ ነሽ? ራያ እባላለሁ፣ የዲኖ እህት። ቁጥርሽን እሱ ነው የሰጠኝ። ዲኖ እናንተ ጋ...»

«ወንድምሽን እዚያው የሮጠበት ፈልጊው! ሱቃችን ተሰባብሮ ካለቀ በኋላ ደግሞ ምን ቀረ ብላችሁ ነው?!»

ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

አቶ ከድሩ ዕቃ መሸከፍ ጀመሩ። ፓምፑን የሚያወጣላቸው ሌላ ባለሙያ ቢያፈላልጉም መንገዱን ፈርቶ የሚመጣ ጠፋ። ሰብሪያ ጉድጓዱን ባየችው ቁጥር ትናደዳለች። እንዲያም ሆኖ አቧራ እንዳይገባበት አፉን በላስቲክ ትሸፍነዋለች።

ነገሩ ጋብ ባለ ሰሞን አንዲት ሴት ጨቅላ ታቅፋ በሩን አንኳኳች።

«ስልኩን ስትዘጊብኝ ጊዜ በእግሬ መጣሁ» አለች። «ራያ ነኝ።»

ሰብሪያ የምትገባበት ጠፋት። አስገብታ አስቀመጠቻት።

«ያን ቀን የደወልኩለት እኔ ነኝ» አለች ራያ። «ምጥ ይዞኝ ነበር። ቡራዩ መንገዱ ተዘግቶ መኪና የለም፤ ባሌ ሥራው ዱከም ነው። ዲኖ ከጎረቤት ጋር ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ልጄን ታቅፎ በጆሮዋ አዛን ያደረገላት እሱ ነው። በማግስቱ ‹የሰው ፓምፕ አንጠልጥዬ ነው የመጣሁት፤ ቃል ገብቻለሁ› ብሎ ወጣ። ያው መውጣቱ ነው...»

«የት ሄደ?»

«ወደ እናንተ ሲመጣ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ታፈሰ። ቦርሳው ውስጥ መፍቻ አግኝተው ‹በዚህ ምን ልትሰብር ነው?› አሉት። መታሰሩን የነገረኝ አብሮት ታስሮ የተፈታ ሰው ነው። መጀመሪያ የደወልኩልሽ ግን ይህን ሳልሰማ ነው፤ ደርሶ እንደሆነ ልጠይቅሽ።»

ሰብሪያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አቶ ከድሩ ከጓዳ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

«ተነሺ ሰብሪያ።»

«ወዴት ነው አባ?»

«ልጁ ወዳለበት።»

ታሳሪዎቹ ካሉበት ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ ተረኛው አለቃ ሽማግሌውን ከላይ እስከታች አያቸው።

«እርስዎ የልጁ ምን ነዎት?»

«ምኑም አይደለሁም። በግርግሩ ሱቄ የተሰበረብኝ ሰው ነኝ» አሉ አቶ ከድሩ። «ማን እንደሰበረው አላውቅም። ይህ ልጅ ግን አይደለም። መፍቻውን የያዘው ለእኔ ሥራ ነው። ፓምፔ እስካሁን ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ መጥታችሁ እዩ!»

በቀላሉ አልሆነም። «ነገ ይምጡ» እየተባሉ ተመላለሱ። ሰብሪያ ስንቅ ይዛ አጥሩ ሥር ከራያ ጋር ስትጠብቅ ትውላለች። በመጨረሻ በአቶ ከድሩ ዋስትና ለቀቁት።

ዲኖ ከስቶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ ወጣ።

«ዲኖ...» አለች ሰብሪያ።

«ስለ ስልኩ ራያ ነግራኛለች» አላት። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ፓምፑ አልወደቀም?»

«አልወደቀም።»

«ነገ እጨርሰዋለሁ።»

ጨረሰውም። ያለ ቀልድ፣ ያለ ወሬ። ኬብሉን ያዘችለት፤ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ማብሪያው ሲጫን ቧንቧው አጉረመረመ፤ መጀመሪያ ቀይ ጭቃ ተፋ፣ ቀጥሎ ድፍርስ፣ ቆይቶ ጥርት ያለ ውሃ ፏ ብሎ ወረደ። አቶ ከድሩ በእፍኛቸው ቀድተው ፊታቸውን ታጠቡ።

«ዕቃውን ፍቺው ልጄ። የትም አንሄድም» አሉ።

ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ተሰለፈ። ወይዘሮ ጠጅቱም መጡ፤ ዲኖን ሲያዩ ግን አንገታቸውን ደፍተው ሊመለሱ ነበር።

«ያምጡ እማማ» አለና ጀሪካናቸውን ተቀብሎ ሞላላቸው።

ሰብሪያ ጓዳ ደርሳ ስትመለስ ዲኖ ሄዷል። ሳይሰናበታት።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ መንገዱም ተከፈተ። ሰብሪያ ግን እረፍት አጣች። ጨርቅ ስትለካ ትሳሳታለች፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። ዲኖ ሱሉልታ ሌላ ጉድጓድ ላይ እንደሚሠራ ከራያ ስትሰማ አላስቻላትም። ለአባቷ ነግራ ታክሲ ተሳፈረች።

የሱሉልታ ነፋስ ሻሿን እየገፈፈ ሲያስቸግራት፣ ዲኖ ከሩቅ አይቷት ሥራውን አቆመ።

«እዚህ ድረስ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ይቅርታ ልጠይቅህ። በስልክ ያልኩትን በስልክ መመለስ አልፈለግኩም።»

«ሰብሪያ፣ ያሰሩኝ ሰዎች ቢጠረጥሩኝ አልገረመኝም። አያውቁኝም። አንቺ ግን...» መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አንቺ ታውቂኝ ነበር።»

«አውቅህ ነበር። ፈራሁ... ፍርሃት ዓይን ያጠፋል።»

«አሁንስ አትፈሪም?»

«እፈራለሁ! ነገም መንገድ ይዘጋ ይሆናል። ነገም ሰው ያማህ ይሆናል። ግን ብፈራም ካንተ ጋር ሆኜ ልፍራ።»

ዲኖ ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ያባርሩብኛል?»

«አባባማ ‹ይሄ ልጅ ምን ይጠብቃል?› እያሉ ነው...»

ከእስር ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ። ሰብሪያ ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደባለቀባት።

ሽማግሌም ተልኮ፣ ጋብቻው የሚታሰርበት ኒካ ለ2009 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ተቆረጠ። ቀኑ ሲደርስ ግን አገሩ እንደገና ታመሰ። ኔትወርክ ጠፋ፣ ታክሲ ቆመ፣ ዲኖ ከሚመጣበት ከቡራዩ መኪና አይወጣም ተባለ። ድግሱ ተዘጋጅቶ፣ ቃዲው ቀድመው ደርሰው፣ ሙሽራው የለም። እንግዶቹ ማንሾካሾክ ጀመሩ። ሰብሪያ ሂና የተቀባ እጇን አጣምራ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ተመላለሰች። ዘንድሮ ግን ስለ እሱ ክፉ አላሰበችም፤ የለመነችው ደኅንነቱን ብቻ ነው።

አስር ሰዓት ሲል በሩ ተንኳኳ። ራያ ልጇን አዝላ፣ ከኋላዋ ሁለት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። በመጨረሻ ዲኖ ሙሉ ልብሱ አቧራ ለብሶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ታየ። ተረከዙ ደምቷል።

ሰብሪያ ወጉንም ሙሽርነቷንም ረስታ በረንዳው ላይ ወጣች።

«መንገዱ ተዘግቷል ሲሉን ነበር እኮ! እንዴት መጣህ?»

«የተዘጋው ለመኪና ነው» አላት።

አቶ ከድሩ እጁን ይዘው ወደ ቃዲው ወሰዱት፤ ኒካውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ታሰረ።