በፆም የቀለጠ ቺዝ

ቺዝና አይብ ምን ለያቸው ብዬ የገበያ አይብ የቸኮሌት ማፍሰሻው ማሽን ውስጥ ከተትኩ። አልቀለጠም። ፋውንቴኑ አጉረመረመ፣ እንደ አሸዋ የተፍረከረከ ነገር ተፋና ቆመ።

ወንድሜ ከድሩ ሳቀብኝ። «ለቸኮሌት ያመጣሁትን እቃ በአይብ ገደልሽው!»

ሰበታ ላይ የሰርግ እቃ እናከራያለን። ወላጆቻችን ከሞቱ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ገለቴ የምትባል የቡራዩ ሙሽራ የሆነ ቪዲዮ አይታ፣ ለጥር ሰርጓ ቺዝ የሚፈስበት ፋውንቴን አዘዘች። እሺ ብያታለሁ።

ቺዝ የሚሰራ ልጅ ሱሉልታ አለ አሉኝ። ሄድኩ።

ዘርሁን ከአባቱ ከኦቦ ቱፋ በረት ጀርባ አንዲት ክፍል አለችው። ረጅም ነው፤ በሯን ሲያልፍ ያጎነብሳል። ያመጣሁትን አይብ በጣቱ ነካ አደረገው።

«ይሄ ከአሬራ በእሳት የወጣ ነው። ብታሞቂው ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። የሚቀልጠው፣ ካልተናጠ ወተት በማርጊያ የሚረጋው ነው።»

«በቃ እሱን ስጠኛ።»

«ስትቸኩዪ!»

ሁለት ቆረሰልኝ። አንዱ ለጋ፣ አንዱ የከረመ። ለጋው ብቻውን እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። የከረመው ብቻውን ቅባቱን ይተፋል። መቀላቀል አለባቸው፤ ምን ያህል ከምን ያህል እንደሆነ የሚለየው ደግሞ በመቅመስ ነው። እሱ መቅመስ አይችልም። የነቢያት ፆም ላይ ነው።

«አንቺ ቅመሺልኝ» አለኝ።

ቀመስኩ።

«ምን ይላል?»

«ጨው።»

«ከጨው በኋላስ?»

አፌን እያየ ነበር። የቀመስኩት ጠፋኝ።

«ለውዝ ለውዝ... ሂድ ወዲያ፣ አታፍጥብኝ!»

ከዚያ ደጋግሜ ሄድኩ። እሱ ይፈቀፍቃል፣ እኔ እቀምሳለሁ። አንድ ቀን እጁን እየታጠበ፣

«ገና ይለፍና ወንድምሽ ጋ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ።

«እኔን ሳትጠይቅ?»

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

«መቼ?»

«አሁን።»

ሃይማኖቱ፣ ከድሩ፣ ሁሉም ፊቴ ድቅን አለ። እሺ አልኩ።

ታህሳስ 2008 ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊበላ ነው ተብሎ ወጣቱ ለተቃውሞ ወጥቷል። የኦቦ ቱፋ ግጦሽም ውስጡ አለበት ይባላል። መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ተኩስ ይሰማል። እኛ በር ዘግተን እንሰራለን።

ፋውንቴኑን ይዤለት ሄጄ እሮብ ሙሉ ቀን ሞከርን። የተፈቀፈቀውን በኮርንፍላወር ዱቄት ለውሰን፣ ለብ ያለ ወተት ላይ በትንሽ በትንሹ ጨመርን፣ ሎሚ ጠብ አደረግንበት። ከድስቱ ዞር ካሉ ይቋጠራል። ዘርሁን ማማሰያውን አልለቀቀም። ስልኬ ሲጠራ እጄ በዱቄቱ ተለውሶ ስለነበር እሱ በግራ እጁ አንስቶ «አቤት» ካለ በኋላ ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ። ከድሩ ነው። ተፍኪ ላይ መንገድ የዘጉት ልጆች አይሱዙውን አቃጥለውበታል። ያለን መኪና እሱ ብቻ ነበር።

«ማነው ያነሳው?» አለኝ እያለቀሰ።

«የቺዙ ልጅ ነው። እያማሰለ ነው።»

አርብ ፖሊሶች ዘርሁንን ወሰዱት። እሮብ መንገድ ዘግተሃል ተባለ።

ከኦቦ ቱፋ ጋር ጣቢያ ሄድኩ።

«እሮብ ከጠዋት እስከ ማታ አብሬው ነበርኩ» አልኩ።

«ምን ስትሰሩ?» አለ ፖሊሱ።

«ቺዝ ስናቀልጥ።»

«በፆም?» ሳቀ። «እሱ ክርስቲያን፣ አንቺ ሙስሊም፣ በር ተዘግቶ... ቺዝ?»

ኦቦ ቱፋ አንገታቸውን ደፉ።

«ወንድሜ በስልክ አናግሮታል» አልኩና እዚያው ደወልኩ። እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረግኩ።

«ከድሩዬ፣ እሮብ ስልኬን ያነሳው ልጅ ታስሯል። እኔ ጋ እንደነበር ንገራቸው።»

«የት ነሽ?»

«ሱሉልታ፣ ጣቢያ።»

«አይሱዙዬን ላቃጠሉት ሰዎች ልመስክር?»

«እሱ አላቃጠለም! እኔ ጋ ነበር አልኩህ!»

«እኔ ማንንም አላናገርኩም» አለ። ዘጋው።

ውጪ ኦቦ ቱፋ «መነኬ ገሊ፣ ኢንተለኮ» አሉኝ። ቤትሽ ግቢ፣ ልጄ።

«የቱ ቤቴ?»

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ተከተልኳቸው። ከዘርሁን እናት ጋር ተኛሁ።

ለገለቴ ሰርግ ቺዙን ብቻዬን አቀለጥኩ። ሳይቋጠር ፈሰሰ። በየሰፈሩ ሀዘን ስለነበር ዘፈን የለም። ሰው ዳቦውን እየነከረ በላ። የሚሰማው የፋውንቴኑ ሞተር ብቻ ነው።

በዚያው ሰሞን ፕላኑ ተሰረዘ ተባለ። ዘርሁን የተፈታው ግን ክረምት ሲገባ ነው። አንድ ጆሮው አይሰማም።

«እዚህ ነሽ?» አለኝ በሩ ላይ።

«እዚህ ነኝ።»

ብዙ ጊዜ አያወራም አሁን።

ማዘጋጃ ቤት ልንፈራረም የሄድን ቀን ለከድሩ ደወልኩ። አላነሳም። ጸሐፊዋ በየወገናችሁ ምስክር ይቁም አለች። በእሱ በኩል ዘመዶቹ ተደረደሩ። በእኔ በኩል ባዶ ነው። ዘርሁን መሬት መሬት ያያል።

ኦቦ ቱፋ ከዘመዶቻቸው መሀል ወጡ። ክፍሉን አቋርጠው መጥተው እኔ አጠገብ ቆሙ።

«የልጅቷ ወገን ነኝ» አሉ።