ባለብራናው ካሜራ

በ፲፱፻፷፱ ዓ.ም.፣ ግንቦት በባተ በሦስተኛው ቀን፣ ጉሙ ከደባርቅ ገበያ ላይ ገና ሳይገፈፍ፣ የእናት አገር ጥሪ በመኪና ላይ በታሰረ ድምፅ ማጉያ ተለፈፈ፤ ከየአምባው ጎበዝ ጎበዙ እየተመረጠ ወደ ምሥራቅ ጦር ሜዳ እንዲዘምት ታዘዘ። ለአምባራስ መንደር የደረሰው ዕጣ ዐሥራ ሁለት ሰው ነበር፤ ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ የፎቶ አንሺው የያርጋል ታናሽ ወንድም ድረስ ነው።

ያርጋል ዳዊት ከደገመ በኋላ ቅኔ ቤት ሳይገባ ከትምህርት የሸሸ፣ በቀልድና በቅጥፈት ግን ማዕርግ የተቀበለ ሰው ነበር። እርሱ እውነት የተናገረ ቀን የደባርቅ ውሾች ደንግጠው ይጮኻሉ ይባልለታል። እናቱ እመት ስጦታ ግን ከአምባራስ የላኩበት መልእክት ቀልድ የሌለበት ነበር፦ «የወንድምህን መልክ አስቀርልኝ። የባቄላ ፍሬ የምታህል እንዳታመጣ፤ ዓይኔ ደክሟል። ክፉ ቢመጣ በባቄላ ላይ አላለቅስም።»

የያርጋል ካሜራ የመታወቂያ ፎቶ የምታነሣ ትንሽ ሳጥን ነበረች፤ የሷን ሥዕል ለማጉላት የኤሌክትሪክ መብራት ያስፈልጋል፤ መብራት ደግሞ ያኔ በደባርቅ ወሬው እንጂ ራሱ አልደረሰም። በፊልም ፈንታ ትልቅ መስታወት የሚጎርስ ካሜራ ቢገኝ ግን ወረቀቱን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻ ነው፤ መልኩ በመስታወቱ ልክ ይወጣል። ስለዚህ በቅሎውን ሸጠና ጎንደር ወረደ።

ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ከሐጂ ሸሀቡ ሱቅ ሦስት ካሜራ ተደረደረለት። አንደኛው ብረት ለበስ ነው።

«ይኸን ለመሸከም ሁለት ሰው፣ ለመክፈት ሦስት ሰው ይበቃል» አሉ ሐጂ። ሁለተኛው በናስ የተለበጠ ቀይ እንጨት፣ ነውር የሌለበት ዕቃ ነው፤ ክብደቱ ግን ጭነት ይሞላል። ሦስተኛው ከስስ ሳንቃ የተሠራ፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ ከነእግሩ አንዲት ጠቦት የማይመዝን፣ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነበር።

«ይኸ ነው!» አለ ያርጋል።

«ተው ልጄ። ወናፉን አይጥ በልቶታል። ካሜራ ማለት የታሰረ ጨለማ ነው፤ ጨለማውን የሚጠብቀው ይኸ የሚታጠፈው ወናፍ ነው። ቀዩን ውሰድና በበቅሎ ጫነው፤ ዋጋውን አሳንስልሃለሁ።»

«ሐጂ፣ በቅሎዋን እኮ ነው ሸጬ የመጣሁት!»

ሽማግሌው ሳቅ አፈናቸው። «በቅሎ ሸጦ፣ በቅሎ የሚያሻው ዕቃ ሊገዛ!»

«ለዚህ አይደል ቀላሉን የምወስደው? ከደባርቅ እስከ አምባራስ የሁለት ቀን ተኩል ዳገት አለብኝ፤ በቅሎው እኔው ነኝ።»

ሁለት የመስታወት ሰሌዳ ጨምሮ ገዛና ዳባት ላይ ከቀድሞ መምህሩ ከመሪጌታ አለነ ቤት ጎራ አለ። መሪጌታ ብራና በመፋቅና በመዳመጥ የታወቁ ነበሩ።

«የበሬ ቆዳ ብናለብሰው ይከብድሃል» አሉ ወናፉን እያገላበጡ። «የፍየል ብራና እናድርገው፤ ይታጠፋል፣ አይቀደድም።»

«ጨለማ ይይዛል፣ የኔታ?»

«አንተ ከሐዲ! የእግዚአብሔርን ቃል አምስት መቶ ዓመት የያዘ ጥላ መያዝ ያቅተዋል? ቅኔውን ትተህ ብትሸሽ ነው እንዲህ የምትጠይቅ።»

በጥላሸት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት፤ በቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ጥላ ሥር ቆመውም በአንደኛው መስታወት መሪጌታ ተነሡ። ሥዕሉ ሲወጣ የጢማቸው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር፤ መምህርና ተማሪ ተቃቅፈው ሣቁ። ሁለቱም ብራና ወደ ፀሐይ ሲያዝ የማዶው ገጽ ጽሕፈት ከወዲህ እንደሚነበብ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ያን ዕለት ግን አንዳቸውም አላስታወሱም።

ያርጋል ካሜራውን በትከሻው አንግቶ፣ እያንጎራጎረ አምባራስ ሲደርስ ቀኑ እኩል ሆኗል፤ በዚያ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ዓይን ታወጣለች። ዘማቾቹ ስንቃቸውን ቋጥረው ይጠብቁት ነበር። ሰባቱን ከፊት፣ አምስቱን ቁመተ ረዣዥሞች ከኋላ አሰለፈ።

«ድረስ፣ አንተ ከኋላ።»

«ጋሼ፣ ከፊት ልሁን እንጂ፤ እማዬ ሙሉዬን ትየኝ።»

«ራስህ ከሁሉ በላይ ይታያል፤ ከሙሉህ የሚሻለው እሱ ነው። ቁም!»

የመስታወቱን ሽፋን መዘዘ። የካሜራው ዓይን ግን ገና ተከድኗልና ምንም አይገባም ብሎ፣ ፊታቸው ሊሰቀሉ እንደተፈረደባቸው ሰዎች ተኮማትሮ ቢያይ፣ ሊያፍታታቸው ወሬ ጀመረ።

«አጎቴ ከጭላዳ ዝንጀሮ ጋር በድንበር ተካሶ እንደተረታ ሰምታችኋል?»

«ዋሽቶ ሞተ!» አለ ከፊት የቆመው ሰጠኝ።

«በእመብርሃን! ዝንጀሮው ያን ካባውን ደርቦ፣ ሰማንያ ሽማግሌ አስከትሎ ችሎት ቢቀርብ፣ ዳኛው ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣው። አጎቴ በቡትቶ ጋቢው ምን ይመስክር?»

ሣቁ ገደሉ ድረስ አስተጋባ። ያርጋልም ሣቅ የሰማ ሰው ነውና ሊያቆም አልቻለም፤ ይግባኙን ጨመረበት፤ የዝንጀሮውን ጠበቃ ጨመረበት። ፀሐይም በብራናው ላይ ቁማ ውስጡን እንደ ፋኖስ ታበራው ነበር። በመጨረሻ ክዳኑን ገልጦ ሦስት ኪርያላይሶን ቆጠረና ዘጋ። ዘማቾቹ እንደሳቁ ቁልቁል ወረዱ።

ደባርቅ ተመልሶ በባዶ የእህል ጉድጓድ ውስጥ መስታወቱን ቢያጥበው ከዳር እስከ ዳር ጠቆረ፤ ወረቀቱ ላይም እንደ ጉም የነጣ ሆኖ ወጣ። አንደኛው የወናፍ እጥፋት በሳንቃው ጥላ ስለነበረ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ከግርጌው አንዲት ጠባብ መስመር ተርፋለች፤ በእርሷም የፊተኞቹ ሰባት ሰዎች እግር፣ ከቁርጭምጭሚት በታች፣ ጥርት ብሎ ይታያል። ከኋላ የቆሙት እግር እንኳ የላቸውም።

ዓመት ሙሉ ዋሸ። እናቶች በመንገደኛ ሲያስጠይቁት «ገና አልበሰለም» አለ፤ «ለትልቅነቱ በር አልበቃው ብሎ ግድግዳ እያፈረስኩ ነው» አለ። የተላከው ሁሉ ስቆ ተመለሰ።

በሚያዝያ ፸ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ዘመነ አምባራስ ላይ ቁመው ስም አነበቡ። ከዐሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ወድቀዋል፤ ድረስም አለበት። ለቅሶ ሲቀመጡ እናቶች ሥዕሉን ጠየቁ፤ ያርጋልም ከእንግዲህ የሚቀጥፈው አጥቶ ወረቀቱን አወጣ።

እናቶቹ ከበው አዩት። ኋላም አንዲቱ እናት ጎንበስ ብላ ጮኸች፦ «የኔ ነው! አውራ ጣቱን እንቅፋት የመታው፣ የኔ ልጅ ነው!» ሌላይቱም አገኘች፤ ሌላይቱም። እመት ስጦታ ግን ጣታቸውን ከዳር እስከ ዳር አመላለሱ።

«የድረስ የቱ ነው?»

 ያን ጊዜ በሕይወት ከተመለሱት ሦስቱ አንዱ የሆነው ሰጠኝ ከያርጋል ጀርባ ተጠግቶ፣ «የኔን ስጣቸው» አለው በጆሮው። «ስድስተኛው የኔ ነው። እኔስ እግሬ አብሮኝ አለ።»

«ይኸ ነው፣ እማዬ» አለ ያርጋል በስድስተኛው ላይ ጣቱን አድርጎ።

እመት ስጦታ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ከዚያ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኸ የሰጠኝ እግር ነው። ያጠብኩትን የልጄን እግር አላውቅም?» አሉ።

«ከኋላ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ። ከፊት ልሁን ብሎኝ ነበር።»

«ዝም በል፤ ይሰሙሃል» አሉና ወረቀቱን ከእጁ ወሰዱ፤ ደረታቸውንም እየደቁ በሌላ ሰው ልጅ እግር ላይ «ድረስዬ! ድረስዬ!» ብለው አለቀሱ።

ታሪክ የካራማራን ድል ከነቀኑ ጻፈው፤ የዘመተውንም የወደቀውንም በቁጥር መዘገበ፤ ድረስም ከቁጥሩ ውስጥ አለ። ጠይም ይሁን ቀይ፣ ሲስቅ የትኛው ጉንጩ ይሰረጎድ እንደነበር ግን በቁጥር አይጻፍም። እመት ስጦታ በ፸፯ ዐረፉ። ያርጋል ካረጀ በኋላ ስለ ወንድሙ መልክ በጠየቁት ቁጥር ሌላ ሌላ ይናገር ነበር፤ አንድ ቀን ጠይም፣ አንድ ቀን የብስል ቀይ፤ አንድ ቀን ባለ ጎፈር፣ አንድ ቀን ሉጫ። የደባርቅ ሰው «ያርጋል ዛሬም ቅጥፈቱን አልተወም» እያለ ይስቅ ነበር፤ እርሱ ግን ያን ጊዜ አይዋሽም፤ እየረሳ ነበር።